ሞምባሳን በእኛ ሰዓት

የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ይላል፤ ቀትር ላይ ስድስት፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አሥራ ሁለት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞምባሳ የሚወርድ ሰው የእጅ ሰዓቱንም ሆነ ጭንቅላቱን ማስተካከል አይጠበቅበትም። መጠንቀቅ ያለበት ወሬው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ነው፤ ሆቴሉና የባቡሩ ትኬት የሚሄዱት በፈረንጅ ሰዓት ነውና።

ነገሩን ያነሳሁት ሞምባሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀን ስላለ ነው፤ የሆቴሉና የከተማው። የሆቴሉ ቀን እንግዳውን ከቁርስ በኋላ ወደ አሸዋው ይነዳዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ያጋድመዋል፤ ከተማው ሙቀቱ በርዶለት ደጅ ሲወጣ ደግሞ እራት አብልቶ ያስተኛዋል። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የከፋ አጠቃቀም አይታየኝም። ባሕሩ ለማታ ይቆይ። ጠዋቱ የአሮጌው ከተማ ነው።

ሞምባሳ ደሴት ናት፤ አሮጌው ከተማ ከደሴቷ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ተጣብቋል። ቁርሱ ማሃምሪ ነው፤ የእኛ ፓስቲ ዘመድ ሆኖ በኮኮናት ወተት የታሸ፣ ሄል የገባበት። ከአጠገቡ በዚያው በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የእርግብ አተር ይቀርባል። ቡናውን የሚሸጡት ከሥሩ ፍም ካለው ረጅም የነሐስ ጀበና በትንንሽ ስኒ እየቀዱ ነው። መራራ ነው፤ አንዳንዱ ዝንጅብል ይጨምርበታል። በቡና ነገር ይሉኝታ የለኝምና፣ በጣም ፈልቷል እላለሁ። ወንበሩን ግን እወድደዋለሁ። በየቤቱ ደጃፍ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የድንጋይ መደብ አለ፤ ባራዛ ይሉታል፤ የሰፈሩ ወንዶች እዚያ ተቀምጠው አገር ያስተዳድራሉ።

በሮቹን ሁሉም ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ቅርጻቸው ያስገድዳል። እነሱን ያመጣቸው ግን ነፋስ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ከዓረብና ከህንድ የሚመጡትን ጀልባዎች ወደዚህ ይገፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከደቡብ የሚነሳው ኩሲ ይመልሳቸው ነበር። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይቀመጥ ነበር፤ የተቀመጠ ሰው ቤት ይሠራል፣ ያገባል፣ በሩን ያስቀርጻል።

ከዚያ ፎርት ጂሰስ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊ መሐንዲስ ንድፍ ያሠሩት ምሽግ ነው። አስጎብኚዎች ስለ መድፎቹ ማውራት ይወዳሉ፤ እኔ ግን የምሽጉ ግድግዳ ላይ እጅን ማሳረፍ ይበልጥብኛል፤ የኮራል ድንጋይ ስለሆነ የባሕር ፍጥረት ቅርጽ ከነቀዳዳው ይታያል። ኦማኖች ከ1696 ጀምረው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከበው ያዙት፤ እንግሊዞች ኋላ ወህኒ ቤት አደረጉት፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ትንሽ ሳይጨንቀው አይቀርም። በትምህርት ቤት ታሪካችን ፖርቱጋል የምትነሳው በአጋዥነት ነው፦ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ነፍጠኞች ጋር በምፅዋ ገብቶ ኢማም አህመድን ሲወጋ፣ ኋላም በዚያው ሕይወቱ ሲያልፍ። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ የከተማዋ ሰዎች አላመኑትም፤ ወደ ማሊንዲ አለፈ። አለማመናቸው ትክክል ነበር፤ በ1505 ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ መጥቶ ከተማዋን ዘርፎ አቃጠላት። አባትና ልጅ፣ በአንድ ባንዲራ፣ በሁለት አገር ትዝታ። ይህን ለማሰብ ከምሽጉ ግንብ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቀትሩ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ቢርያኒ፣ ጥላ፣ ውሃ። ሞይ ጎዳና ላይ የቆሙትን የአሉሚኒየም ዝሆን ጥርሶች ከመኪና መስኮት ማየት ይበቃል። ጉልበት ያለው ሰው ወደ ሊኮኒ ወርዶ ማሻገሪያ ጀልባውን ይሳፈር፤ ለእግረኛ በነፃ ነው። ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ፣ የወደቡን መርከቦች አይቶ፣ ነፋስ ተቀብሎ መመለስ ይቻላል። ለሽርሽር ጀልባ ከሚከፈለው ገንዘብ ይህ ይሻለኛል።

አሁን ባሕሩ። ከአሥር ሰዓት በኋላ በኛሊ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ባምቡሪ፣ የጆሞ ኬንያታ የሕዝብ ዳርቻ። ሰዓቱን ያልኩት ለሙቀቱ ነው፤ ውሃው ግን የራሱ ቀጠሮ አለው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር ያልፋል። ሲሸሽ የሄደ ሰው የሚያገኘው የባሕር ሣርና ጭቃ ነው፤ እሾሃሙ የባሕር ጃርትም አለና ጫማ አይውለቅ። ስለዚህ ጠዋት አንድ ዓሣ አጥማጅ መጠየቅ ነው።

ሙላቱ ላይ የደረሰ ሰው የከተማውን ሰው ያገኛል። ቡይቡይ የሚሉትን ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ እስከ ወገባቸው የገቡ እናቶች፣ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ የሚንሳፈፉ ልጆች፣ በሚጥሚጣና በሎሚ የተጠበሰ ካሳቫ የሚሸጡ ሴቶች። እዚያ ማንም ማንንም መግቢያ አይጠይቅም። ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ለማየት ሻይ ማዘዝ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ከዚህ ወጣ ሲሉ በሆቴሎች ግንብ መካከል ወደ ውሃው የሚያስወጣ ቀጭን መተላለፊያ መፈለግ ግድ ነው፤ አሸዋው የሕዝብ ቢሆንም መንገዱ ሁልጊዜ የሕዝብ አይደለም። ኬንያውያንም ይህን ያማርራሉ።

ጀንበር ባሕር ውስጥ ስትጠልቅ ፎቶ ላንሳ ያለ ሰው ይከፋዋል፤ ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ ፀሐይዋ ከኮኮናት ዛፎቹ ጀርባ ትገባለች። እዚያው ዳርቻ ግመል ላይ መውጣት ያማረው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የመውረጃውንም ዋጋ አብሮ ይስማማ።