ዲግሪ የማይደፍነው ቀዳዳ

ሰሞኑን አፈርን። አራት ሆነን የተከራየነው የኮንዶሚኒየም ቤት ሳሎኑ በጂፕሰም ተከፍሎ ሁለት ሆኗል፤ አንዱን ክፍል ሁለት የማድረግ ተአምር የአዲስ አበባ አከራይ ያውቅበታል። አንድ ምሽት ነፋስ በሩን ወረወረውና እጀታው ግድግዳውን በሳው። ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ። አራታችንም ተሰብስበን አየነው፤ ፎቶ አነሳነው፤ ከዚያ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልንበት።

አከራያችን ቀን መቁጠሪያውን ገልጠው አዩ። «ግድግዳው በሙሉ ይቀየራል፤ ለመያዣ ካስያዛችሁት ይቆረጣል» አሉ። የጠሩት ሠራተኛም ራሱን ነቅንቆ «አዎ፣ ሙሉ ሰሌዳው ይነሳል» አለ። ልንከራከር አፋችንን ከፈትን፤ የምንለው ግን አልነበረንም። በመካከላችን የኢኮኖሚክስ፣ የሶፍትዌርና የማኔጅመንት ምሩቅ አለ። ተደግፈነው ስለምንተኛው ግድግዳ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም። ከፈልን። የከፈልነው የግድግዳ ዋጋ አይደለም፤ የድንቁርና ግብር ነው።

ከከፈልን በኋላ የተማርነው ይኸውና። ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የተጋገረ የጂፕሰም ድንጋይ ነው። የዛሬው ሰሌዳ አያት እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ድንጋዩ ራሱ እንግዳችን አይደለም፤ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ገደል ውስጥ ሞልቷል። ለግድግዳ በብዛት የሚውለው ሰሌዳ 12.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲሜትር በቆሙ የብረት ወይም የእንጨት ቋሚዎች ላይ በብሎን ይታሰራል።

ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ሙሉ ሰሌዳ አያስነሳም። ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ቀዳዳውን በከተር አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ። ከጀርባው ሁለት ቁራጭ ጣውላ አስገቡና በብሎን ያዙት። በልኩ የተቆረጠ ጂፕሰም ጣውላው ላይ እሰሩ፤ የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ በትንሹ ይስመጥ። መገናኛው ላይ ቴፕ ለጥፉ፤ ለመገናኛ የሚሆነውን ስቱኮ ሳሳ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ እያንዳንዱ እስኪደርቅ ጠብቁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ቀለም ቀቡ። በቃ! ከባዱ ሥራ መጠበቁ ነው።

የቀየሩልንን አዲሱን ግድግዳም አየነው። ሰሌዳው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ክፍተቱ በዘቅዘቅ መሸፈን ነበረበት፤ ምክንያቱም ጂፕሰም ውኃ ይጠጣል፣ እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን በባልዲ የምናጥብ ሰዎች ነን። እግሩ ማበጡ አይቀርም። ያኔ ማን ይከፍላል? ገምቱ።

አሁን ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ ልንጥል እንችላለን። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጠውን ያን ሰው አራታችንም «አንተ» ነበር ያልነው። አከራያችንን «እርስዎ»። ሻይ አልጋበዝነውም፤ ሲሠራ ቆመን አላየነውም፤ ለምን እንደሚነሳ እንኳ አልጠየቅነውም። ሥራውን የናቅነው እኛ ነን፤ የተናቀ ሥራ ደግሞ በንቀት ይሠራል።

ይህ በሽታ የቆየ ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። መቶ ዓመት አለፈ። ዛሬ ጠይብ ብለን አንሳደብ ይሆናል፤ «ተምሬ ተምሬ ስቱኮ ልቀባ?» ማለትን ግን አልተውንም። ስድቡ ሱፍ ለበሰ እንጂ አልሞተም።

አያቶቻችን እኮ እንዲህ አልነበሩም። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው አቡክተው ቤታቸውን የሚመርጉት፣ በዓል ሲደርስ የተሰነጠቀውን የሚለስኑት ራሳቸው ናቸው። ፊደል ያልቆጠረችው አያታችን የግድግዳዋን ሕመም ታውቅ ነበር። እኛ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ደርበን በቀን መቁጠሪያ እንሸፍናለን።

«ታዲያ ባለሙያው ምን ይብላ?» የሚሉን አሉ። እንጀራውን አንነጥቀውም። ሙሉ ክፍል ሲከፈል፣ ኮርኒስ ሲሰቀል ባለሙያ ይጠራ፤ ተገቢው ዋጋም ይከፈለው። ነገር ግን ጥሩ ሥራ ከመጥፎው የሚለይ ደንበኛ ከሌለ ጥንቁቁ ባለሙያ በምን ይታወቃል? ጥንቁቁም ግዴለሹም እኩል ከተከፈላቸው ከገበያ የሚወጣው ጥንቁቁ ነው። ሥራውን ማወቅ ባለሙያውን ማክበር ነው።

እኛ ከተር፣ ስፓቱላና ካቻቢቴ ገዝተናል። ቀን መቁጠሪያውም ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። እናንተስ? በእናንተ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ምን አለ?