ዛፍ የሚያደማ እጅም ይመዘን

በሱዳኗ ገዳሪፍ ሀሻብ የሚባለው የሙጫ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው የለም፤ እሾሁ አያስወጣም። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሶንኪ የሚባለውን ረጅም እጀታ ያለው ስል ብረት ወደ ቅርንጫፉ ይሰድና ልጡን በስሱ ይልጠዋል። ቀድሞ ሥራው በመጥረቢያ ነበር። መጥረቢያ ግን ልጡን አልፎ እንጨቱን ይቆርጣል፣ ዛፉም ሳይድን ይከርማል። ዝናቡ አብቅቶ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በደንብ የተላጠ ቅርንጫፍ ከሳምንታት በኋላ ሙጫ ያወጣል። ሙጫው ለስላሳ መጠጥ ውስጥም መድኃኒት ውስጥም ይገባል፤ ከዓለም ገበያ አብዛኛውን የምታቀርበውም ሱዳን ናት።

ድንበሩን ከጋላባት ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ሲሻገሩ ዛፉም ብረቱም ይለወጣል። እዚህ ያለው የዕጣን ዛፍ ነው፤ ዛፉን የሚያደማው ሠራተኛ፣ አድሚው፣ በእጁ የያዘው ደግሞ መንጋፍ የሚባል መፋቂያ ብረት ነው። ከግንዱ ላይ ትንሽ ልጥ ይፍቃል፣ ዕጣኑ ሲደርቅ ይለቅማል፣ ቁስሉን በጥቂቱ አስፍቶ እንደገና ይሄዳል። በአንድ በጋ እንዲህ 8 ጊዜ፣ አንዳንዴም 12 ጊዜ ይመላለሳል። ስንት ቦታ ልፋቅ፣ ምን ያህል ልዝለቅ፣ የትኛውን ዛፍ ዘንድሮ ልለፈው የሚለውን የሚወስነው ብቻውን ነው። አለቃው ሩቅ ነው።

ዕጣን ለሚያመርተው ድርጅት ወይም ማኅበር ፈቃድ ይሰጣል፤ ደኑ ይከለላል፣ ውል ይፈረማል። የዛፉ ዕድሜ ግን የተንጠለጠለው ብረቱን በያዘው ሰው ላይ ነው፤ እሱን መዝኖ ማሰማራት ደግሞ ከውሉ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ሌላው ዓለም ይህን ካሰበበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የባለሙያነት ምስክር ወረቀት ለሚፈልግ ሰው ለፈተና ከመቀመጡ በፊት በመደበኛው መንገድ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል። በገመድ ዛፍ ላይ ለሚወጡት ፈተናው ከዛፉ ሥር ነው፤ አወጣጡ ይታያል፣ የተጎዳ ጓደኛን ከላይ ማውረድ መቻሉም ይፈተሻል። የወረቀት ፈተና ብቻውን ዛፍ ላይ እንደማያወጣ የገባቸው ይመስላል።

መተማና ገዳሪፍ ገመድ አያስፈልጋቸውም። የዚህ አገር አደጋ ሌላ ነው፦ እባብ፣ ወባ፣ ከሁሉ በላይ ካላዛር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈሩ ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ለወቅት ሥራ ከደጋ የወረደ ሰው ደግሞ ማታ የሚተኛው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ በምዘናው ላይ አጎበርና የበሽታው ምልክት ከመንጋፍ አያያዝ እኩል ቦታ ቢያገኙ ቅንጦት አይሆንም።

የአያያዙ ጉዳይ ቀልድ አለመሆኑን ጥናት አሳይቷል። በኤርትራ ደቡብ ምዕራብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚለው ካልደሙ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ክፉኛ ከደሙት የበቀለው ከ16 በመቶ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፍ እንደጠፋ ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እሳት፣ ከብትና ጢንዚዛም እጃቸው አለበት። ሁሉንም በአድሚው ላይ መጫን ግፍ ነው፤ በኪሎ ብቻ የሚከፈለው ሰው ዛፉን እንዲያሳርፍ መጠበቅም እንዲሁ የዋህነት ነው።

የኢትዮጵያ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው በአፉ ሲኦሲ የሚለው፣ ሙያውን ከትምህርት ቤት ውጭ የተማረ ሰውም እንዲመዘን በር ይከፍታል። መልካም በር ነው። ሥጋቱ ወረቀቱ እንደ ብዙ ወረቀቶች የሚሸጥ ሆኖ፣ ፊደል ያልቆጠረውን አዋቂ ከሥራው የሚያፈናቅል እንዳይሆን ነው። ዕድሜውን ከመንጋፍ ጋር ያሳለፈ ሰው የብዙ ምርጫ ጥያቄ ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ለዚህ ዓይነት ሰው የሚገባው ከተፈታኞች ወንበር ይልቅ የመዛኙ ቦታ ነው።

ደግሞም እውቀቱ ድንበር አያውቅም። ኢትዮጵያውያን ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ገዳሪፍ ሲወርዱ ኖረዋል፤ በ2013 ኅዳር ከትግራይ ጦርነት ከሸሹት ብዙዎቹ እዚያው ገዳሪፍ ባለው የኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈሩ፤ ከ2015 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሰዎችን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገፋ። ሀሻብን በሶንኪ ሲልጥ የኖረ ገበሬ መተማ ሲደርስ ከስደተኛ ካርዱ በቀር ሙያውን የሚናገርለት ነገር የለውም። ሀሻብ በኢትዮጵያ ቆላም ይበቅላል፤ የገበሬው ሙያ እዚህ ተመዝኖ ቢታወቅለት እሱም ደኑም ይጠቀማሉ።

ምዘናው ሁለት ጊዜ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ በጥቅምት አካባቢ፣ ሥራው ሲጀመር፣ መዛኙ ከአድሚው ጋር ደን ገብቶ እጁን ይይ። ሁለተኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ መዛኙ እነዚያኑ ዛፎች ፈልጎ ቁስሉ መግጠም አለመግጠሙን ይመልከት፣ ምስክር ወረቀቱም ያኔ ይሰጥ። የምዘናውን ወጪ የደኑን ፈቃድ የያዘው ይክፈል እንጂ ከአድሚው ደሞዝ አይቆረጥ።