ድስት ጥዶ ማልቀስ

ስለ ኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት በተነሣ ቁጥር ከአንደበታችን የሚቀድመው ቃል «ሌብነት» ነው። ተዘረፍን እንላለን፤ ልባችንም በዚያው ያርፋል። የተሰረቀ ካለ ዳኛ ይፍረድ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፤ አንዲት ሳንቲም ባትሰረቅ እንኳ ያ ሥራ በተያዘለት አኳኋን ሊሳካ አይችልም ነበር።

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው 13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለደቡብ ኦሞ ሰፊ የመስኖ ልማት አበሰሩ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የአገሪቱን ዓመታዊ የስኳር ምርት በ2007 ዓ.ም. 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ፣ ከዚያም 1.25 ሚሊዮን ቶኑን ወደ ውጭ ለመላክ ያልም ነበር። ዘመኑ ሲያበቃ ምርቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም። በኦሞ የታሰቡት 6 ፋብሪካዎች ወደ 4፣ መሬቱም ከ175,000 ወደ 100,000 ሄክታር ወረዱ።

ለምን? የግንባታ ሥራ አመራርን የሚያስተምር ሰው መልሱን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። የስኳር ፋብሪካ ብቻውን የሚቆም ሕንፃ አይደለም። የወንዝ መጥለፊያው፣ ቦዩ፣ ማሳው፣ መንገዱና ወፍጮው በአንድ ቀጠሮ መገናኘት አለባቸው። አገዳ ደግሞ እንደ ሥራ ተቋራጭ የጊዜ ማራዘሚያ አይጠይቅም፤ ሲደርስ ካልተቆረጠ ስኳሩ ይወርዳል። ኩራዝ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ማሳው ቀደመ፣ ፋብሪካው ዘገየ፣ አገዳው አርጅቶ ተወገደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን አፍሰን አልለቀምንም።

ቁጥር አንድ ፋብሪካ የተሰጠው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመውና ከዚያ በፊት አንድም የስኳር ፋብሪካ ገንብቶ ለማያውቀው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ነበር። አሠሪው መንግሥት፣ ሠሪውም መንግሥት! እንዲህ ባለው ውል ማን ማንን በመዘግየት ይቀጣል? በቻይና ብድርና ተቋራጭ የተሠራው ቁጥር ሁለት በ2009 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር፣ ቁጥር ሦስትም በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ቁጥር አንድ ገና አላለቀም ነበር።

ብድር ደግሞ ግንባታ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሥራው ሲጠነሰስ አንድ ዶላር ከ17 ብር አይበልጥም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተበደረ፣ በብር የሚሸጥ፣ ወደ ውጭ የሚልከው ምርት የሌለው ፋብሪካ ዕዳውን ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ወደ ግል ሊያዛውራቸው ለጨረታ ካቀረባቸው 8 የስኳር ፋብሪካዎች አራቱ የኦሞ ኩራዝ መሆናቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

«ደሀ አገር ካልደፈረ አያድግም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድፍረትና ስሌት ባላንጣዎች አይደሉም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ፣ የከረዩን ግጦሽ መውሰዱ እንዳለ ሆኖ፣ በ1946 ዓ.ም. ወንጂን ሥራ ካስጀመረ በኋላ ሸዋን፣ ከዚያም መተሐራን ያቆመው ተራ በተራ ነው። እኛ በአንድ የዕቅድ ዘመን በመላ አገሪቱ አሥር ያህል ጀመርን። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው በሒሳቡ መዝገብ ስፍራ ያላገኘው ነው። ቦዲው፣ ሙርሲውና ክዌጉው ማሽላቸውን የሚዘሩት የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ነበር። ጊቤ 3 በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ሲጀምር ያ ሙላት ቀረ። ይህ ኪሣራ በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? የፕሮጀክት ወጪ ማለት በክፍያ ሰርተፊኬት የተፈረመው ብቻ ነውን?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የእያንዳንዱ ፋብሪካ የውል ዋጋ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ በተከፈለበት ዕለት የተሠራው ሥራ፣ የተከማቸው ወለድና የነዋሪው ኪሣራ ተጽፎ ለሕዝብ ይውጣ። ይህ ሳይሆን ሌላ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ሲመጣ፣ ከማጨብጨባችን በፊት የጊዜ ሰሌዳውንና የገንዘብ ምንጩን እንጠይቀው። አጨብጭቦ የተቀበለ ዕዳውን ለብቻው አይከፍልም፤ ለልጆቹም ያወርሳል።