በተራኪው አፍ የምትኖር ሴት

የፍቅር ፊልም አይተን ስንወጣ በመካከላችን የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «መጨረሻቸው ምን ሆነ?» የሚል ነው። ሴቲቱ እንዴት ቀረበች፣ ድምፁስ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ልማድ ሊመዘን የማይመች አንድ አጭር ፊልም አለና ስለ እርሱ እንነጋገር፤ ይኸውም ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው «ላ ዠቴ» ነው።

ፊልሙ 28 ደቂቃ ብቻ ነው። ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ፈርሳ፣ የተረፉት ከመሬት በታች ይኖራሉ። አንድ እስረኛ በልጅነቱ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ያየው የሴት ፊት ከአእምሮው አልጠፋ ስላለው፣ መርማሪዎች በዚያው ትዝታ አሳብረው ወደ ኋላ ዘመን ይልኩታል፤ ሴቲቱንም ያገኛታል፤ ይዋደዳሉ። ይህ ሁሉ የሚነገረን፣ ከአንዲት ቅጽበት በቀር፣ በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ነው።

«ይህማ የፎቶግራፍ አልበም እንጂ ሲኒማ አይደለም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም። ሰው የወደደውን ሲያስታውስ አንድ ፈገግታ፣ አንድ ዘወር ያለ አንገት ነው የሚመጣለት፤ በመካከሉ ያለው ጠፍቷል። ፊልሙም እንደዚያው ነው።

ምስሉ ባይንቀሳቀስም ጆሮ ሥራ አይፈታም። ከመሬት በታች የልብ ትርታ ይሰማል፤ መርማሪዎቹም በጀርመንኛ ይንሾካሾካሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 17 ዓመቱ ነበርና፣ ጀርመኖች ከተማውን ይዘውበት ለነበረው የፓሪስ ተመልካች ያ ሹክሹክታ ምን እንደሚያስታውሰው መገመት አያዳግትም።

ክርክራችን በሴቲቱ ላይ ነው። ስም የላትም። እርግጥ ሰውየውም ስም የለውም፤ ግን የእርሱን ስጋትና ናፍቆት ተራኪው አንድ በአንድ ይዘረዝርልናል። እርሷስ? ድንገት መጥቶ ድንገት ስለሚጠፋ እንደ መንፈስ ቆጥራ ያወጣችለትን መጠሪያ እንኳ የምንሰማው በተራኪው አፍ ነው። ሲጠፋባት ምን ታስባለች? የት ትውላለች? የሚጠይቃት የለም። «ትዝታ ስለሆነች ነው» ይባል ይሆናል፤ በእኛው አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ዐይንና አንገት ብቻ ሆነው የሚቀሩት ፍቅረኞች ታዲያ የማን ትዝታ ናቸው?

ማርከር ግን ነገሩ የጠፋው አይመስለንም። ሴቲቱ ተኝታለች፤ ፎቶግራፎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየሟሙ ያልፋሉ፤ የወፎች ጫጫታ ይበረታል፣ ጆሮ እስኪወጋ ይበረታል። በድንገት ዐይኗን ገልጣ ትመለከተናለች፤ በፊልሙ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ይህ ብቻ ነው። ወዲያው የመርማሪው ፊት መጥቶ ይቆርጠዋል። ለእርሷ የተሰጣት ጥቂት ሰከንድ ብቻ መሆኑ ያስቆጨናል፤ ያም ሆኖ ተራኪው በዚያች ሰዓት ዝም ብሏል።

የሚቃወመን ይጻፍልን። ከመጻፉ በፊት ግን ፊልሙን አንድ ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ ይስማው።