እቤት ቁጭ ብለሽ እኮ ነው!

የእጅ ሥራ ዋጋ የምትገድል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ዳንቴል የምትሠራ፣ ሹራብ የምትሠራ ሁሉ ታውቃታለች። ደንበኛው ዕቃውን ያገላብጣል፣ ያደንቃል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ዋጋው ሲነገረው ግን ፊቱ ይለወጣል። «ኧረ ቀንሺ! እቤት ቁጭ ብለሽ እኮ ነው የሠራሽው!»

ቁጭ ብሎ መሥራት በነፃ ነው ያለው ማን ነው? የባንክ ሠራተኛውም ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ሹፌሩም ቁጭ ብሎ ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ቆሜ አልጻፍኩትም።

ነገሬን በአንድ ብርድ ልብስ ላስረዳችሁ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተጋጥሞ የሚሰፋውን ማለቴ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር «ድሪቶ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ፈረንጆቹ «ኩዊልት» ብለው ሙዚየም ውስጥ ይሰቅሉታል። ሰፈራችን ውስጥ ይህንን የምትሠራ ልጅ አለች። ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ትሰበስባለች፣ ቀለሙን ታዛምዳለች፣ የላይኛውን ገጽ በስፌት መኪና በሦስት በአራት ቀን ትገጣጥመዋለች። ያየ ሁሉ «ውይ ሲያምር! አለቀ አይደል?» ይላል።

አላለቀም። ገና መጀመሩ ነው።

የተገጣጠመው ገጽ ብቻውን ብርድ ልብስ አይሆንም። ከሥሩ ጥጥ ወይም ሌላ ሙሌት ይነጠፋል፣ ከዚያ በታች ደግሞ ገበር ይደረጋል። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከመሃል ወደ ዳር እየተለሰኑ በጊዜያዊ ስፌት ይያያዛሉ። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ መርፌው ሦስቱንም እየበሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በጥቃቅን ስፌት ይሰፋል። ይህ ስፌት ለጌጥ ብቻ አይደለም። እሱ ከሌለ ሙሌቱ ገና በመጀመሪያው እጥበት ይሸሽና አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል። የጥጥ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ፍራሽ አዳሹ ከላይ እስከ ታች በወፍራም መርፌ የሚወጋው ለምን ይመስላችኋል? በመጨረሻ ዙሪያው በጠባብ ጨርቅ ይከፈፋል፣ ክፈፉም በእጅ ይሰፋል።

እስቲ እናስላው። ልጅቷ ከሌላ ሥራ በኋላ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሰፋ፣ ለአንድ የአልጋ ብርድ ልብስ ስድስት ሳምንት ቢፈጅባት፣ 84 ሰዓት ይሆናል። ከጨርቁና ከክሩ ወጪ በላይ 840 ብር ብታተርፍ የሰዓት ዋጋዋ 10 ብር ነው ማለት ነው። ማኪያቶ አይገዛም! እኛ ግን በማኪያቶ ዋጋ ተከራክረን አናውቅም።

«ማሽን አለ አይደል እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አለ። አሜሪካ ውስጥ የላይኛውን ገጽ ብቻ ገጣጥመው ቀሪውን ረጅም ክንድ ባለው ትልቅ ማሽን ለሚሰፋ ባለሙያ የሚልኩ ብዙ ናቸው። ባለሙያው ስፋቱን ለክቶ በዚያው ልክ ያስከፍላል። ማንም አይገረምም። ልብ በሉ! ያው ማጠናቀቅ ነው፣ ያው ስፌት ነው። ከቤት ሲወጣ ታሪፍ ያለው ሥራ እቤት ሲገባ «ጊዜ ማሳለፊያ» ይሆናል። ለኔ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዋጋውን ያጣው ሥራው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ልጅ እየጠበቀች፣ ወጥ እያማሰለች የምትሠራው ሴት ስለሆነች ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል፣ ወንዝ በሦስት በኩል የከበባት መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በባርነት የጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ሱሪና ከጆንያ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። የላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትገጣጥማለች፤ ማጠናቀቁ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተሰብስበው ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው አካባቢ ያሉ ሴቶች «ፍሪደም ኪዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን በጋራ መሸጥ ጀመሩ። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣቸው።

ደስ ይላል አይደል? ግን በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ፣ ከሥራችን ከተገኘው ገንዘብ ተገቢው ድርሻ አልደረሰንም ብለው ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ በ2008 ተዘጋ። እንግዲህ ሙዚየም የገባ ብርድ ልብስ እንኳ «ለእጁ ስንት?» የሚለውን ጥያቄ አላመለጠም። ጭብጨባ ሌላ፣ ክፍያ ሌላ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አማርኛችን ይህን ሥራ ከኛ በተሻለ ያከብረዋል። ነጠላ ከሸማኔው እጅ ሲወርድ ጫፉ ላይ ክር ይንጠለጠላል። ያ ክር ተገምዶ ካልተያዘ ጥበቡ ከዳር ይተረተራል። ክሩን ገምዶ ማሰር «መቋጨት» ይባላል። ዛሬ ባለሥልጣኑ ስብሰባውን «ሲቋጭ»፣ ጋዜጠኛው ዜናውን «ሲቋጭ» ቃሉን የተዋሰው ከነጠላ ጫፍ ነው። ቃሉን ወስደን የእጁን ዋጋ ትተነዋል።

እናንተ የምትገዙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ አቅማችሁ ካልፈቀደ አትግዙ፤ አለመግዛት ነውር የለውም። ነውሩ የሰው ማታ በነፃ መውሰድ ነው።

እናንተ የምትሠሩ ደግሞ ደብተር ያዙ። መርፌ ያነሳችሁበትንና ያስቀመጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ዋጋ ስትናገሩም ጨርቁን፣ ክሩንና ሰዓቱን ለየብቻ ዘርዝሩት። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል፤ አንዳንዱ ይሸሻል። ግን ሰዓታችሁን እናንተ ካልቆጠራችሁት ማንም አይቆጥርላችሁም።