ቦት ጫማ ወይስ አጭር ጫማ? ሒሳቡ ያለው ሶሉ ላይ ነው

መርካቶ ጫማ ተራ ገብቶ "የተራራ ጉዞ ጫማ" ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ በቅድሚያ የሚወርድለት ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ወፍራም ቦት ነው። ሻጩም "ይኼ ዕድሜ ልክ ነው" ይለዋል። አጭሩ ጫማ ግን ለከተማ ነው ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። የዋጋ ልዩነቱም የሚሰላው በዚሁ እምነት ነው። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ለዓመታት ስለተጫማቸው የገበያው ልማድና የመንገዱ ሒሳብ አይገጥሙም ባይ ነው።

ከክብደት እንነሣ። የእኔ ቦት ጥንዱ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አጭሩ 700 ግራም። ልዩነቱ 700 ግራም ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አያዋጣም። በእግር ላይ የሚጨመር ክብደት በጀርባ ከሚሸከሙት ክብደት 5 እጥፍ ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ስለ ወታደር ጫማ የተደረጉ ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል። በዚህ ስሌት ቦት ያደረገ ሰው አጭር ጫማ ካደረገው ይልቅ 3.5 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ዕቃ እንዳዘለ ይቆጠራል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር በግጭ አድርጌ እስከ ጨነቅ የሄድኩት በአጭር ጫማ ነበር። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ መንገዱ ግን ደረቅ ነበር። ጓዙን የያዘችው በቅሎ ናት። በዚያ ሁኔታ አጭሩ ጫማ ምንም አልጎደለበትም። በቅሎ ነጂዎቹማ በኮንጎ ጫማና በበረባሶ ቀድመውን ይደርሱ ነበር። ከፍ ያለ አንገት ከወለምታ ያድናል የሚባለውም ቢሆን በጥናት የጸና አይደለም፤ ለቁርጭምጭሚት ዋናው ዋስትና የለመደ እግርና የሚቆነጥጥ ሶል ነው።

ታዲያ ቦት ገንዘቡን የሚያወጣው መቼ ነው? በነሐሴ ወር መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ 12 ኪሎ አዝዬ ስገባ ነገሩ ተገለበጠ። ጭቃው ከአጭር ጫማ አንገት በላይ ነው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ሸክሙ እግርን ይጫናል። እዚያ ቦቱ ዋጋውን አስከበረ። ውሃ አያስገባም ስለሚባለው ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። እንደ ጎርቴክስ ያለው ገበር ውሃን ከውጭ ይመልሳል፤ ወንዝ ሲሻገሩ በአንገቱ የገባውን ውሃ ግን መልሶ አያፈስም። አጭሩ የሸራ ጫማ በሁለት ሰዓት ፀሐይ ሲደርቅ ቦቱ በማግሥቱም እርጥብ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበያው ነገር እንምጣ። የእኔ አጭር ጫማ ሶሉ ተበልቶ ሲያልቅ የቦቱ ሶል ገና ግማሹ ነበር። ስለዚህ የቦቱ ዋጋ ከአጭሩ እጥፍ ካለፈ፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ አጭሩ ይረክሳል። ከአዲስ አበባ በወር አንድ ጊዜ ወደ ወንጪ ወይም ወደ የረር ለሚወጣ የቅዳሜና እሑድ ተጓዥ ደግሞ ስሌቱ ከዚህም ይከፋል። የእርሱን ቦት የሚጨርሰው መንገዱ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነውና።

ምክንያቱ ሶሉ ነው። ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1935 በአልፕስ ተራራ 6 ጓደኞቹ ካለቁ በኋላ፣ ዛሬ ቪብራም የሚባለውን ጥርሳም የጎማ ሶል በ1937 አወጣ። ያ ጎማ ጠንካራ ነው። በብዙ ዘመናዊ ቦቶች ግን በጎማውና በቆዳው መካከል ነጋዴው "ፒዩ" የሚለው የፖሊዩሬቴን ንጣፍ ይገባል። ይህ ንጣፍ ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ቦቱ ተጫሙትም አልተጫሙትም፣ ከተሠራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። እንዲያውም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የከረመው ይብሳል። ቆዳው ሲወለወል አዲስ ይመስላል፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ሶሉ ይቀራል። "በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ማለት ይህ ነው።

ጉዳዩ ተጓዡን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዕቃ ይዞ የቆየ አተረፈ። ይህን ያየ ነጋዴ ማንኛውንም የውጭ ዕቃ መጋዘን ማክረም ብልህነት ይመስለዋል። ለሚስማርና ለቆርቆሮ ስሌቱ ይሠራ ይሆናል። ፒዩ ሶል ላለው ቦት ግን ማክረም ማለት በየወሩ ከካፒታል ላይ መቁረስ ነው። ዋጋው ሲወጣ ዕቃው ይሞታል። ከሰልባጅ የሚገዛ ደግሞ የቀደመው ባለቤት የበላውን ዕድሜም አብሮ እንደሚገዛ ይወቅ።

ምን ይደረግ? አስመጪው የተሠራበትን ወርና ዓመት ሳያይ አይረከብ፤ ብዙዎቹ ጫማዎች በምላሱ ውስጥ ባለው መለያ ላይ ጽፈውታል። ቸርቻሪው የቆየውን ቦት ቀድሞ ያውጣ፤ ዋጋውንም እንደ ዕድሜው ይቀንስ። ደላላውም "ዕድሜ ልክ" የሚለውን ቃል ይተው። ገዢው ንጣፉን በአውራ ጣቱ ይጫን፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ይመልስ። በደረቅ ወቅት ያለ ሸክም ለሚሄድ አጭሩ ይበቃል፤ ለክረምትና ለሸክም ግን ሶሉ በክር የተሰፋ ቦት ይመረጥ፤ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ሊቀይረው ይችላልና።

ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም አንድ ቃል አለን። ቆዳ አለን፤ የሚሰፋ እጅ አለን። የጎደለው ሶል ነው። በክር የተሰፋ፣ ሶሉ የሚቀየር፣ የተመረተበት ቀን በግልጽ የታተመበት የጉዞ ጫማ የሚያቀርብ ባለሀብት፣ መደርደሪያ ላይ ከሚበሰብሰው የውጭ ቦት ጋር በዋጋ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይወዳደራል።