ፍርሃት የእምነት ጉድለት አይደለም



በፋሐሂል ከምትኖሩት ብዙዎቻችሁ እንጀራችሁን የምታገኙት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። አንዲት አዛውንት ለልብ ሕክምና ቀጠሮ ሲያዝላቸው፣ ከአልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ሌሊቱን የምታነጉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህም በመካከላችን የተለመደውን «እምነት ያለው ሰው አይፈራም» የሚል አነጋገር እቃወማለሁ።

አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨካኝ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ደቀ መዛሙርቱም ከእርሱ ጋር ነቅተው እንዲቆዩ ጠይቋል። ታዲያ ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት የደም ሥር በኩል ወደ ልባቸው ሊገባ ያለ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ነቅተው ሳሉ፣ አዛውንት ቢፈሩ ምን ይደንቃል? ፍርሃቱ ሥጋንም ይነካል፤ የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሌሎች ደግሞ ለስላሳ ሙዚቃን፣ እጅን ማሸትን፣ በዝግታ መተንፈስን «የሀብታም ቅንጦት» ይሉታል። ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 26 ጥናቶችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለውን ጭንቀት ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ልብን ግን አይፈውስም፤ እንደ ፈውስ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ሐኪሙ ሳያውቅም ቅጠላ ቅጠል አታጠጡ፤ አንዳንዱ ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። እጅ መያዝ ግን ምን ያስከፍላል?

አዛውንቷ ሙስሊም ከሆኑ የሚወዱትን የቁርዓን ንባብ አሰሟቸው። የሰውን ፍርሃት ለራሳችን ስብከት መግቢያ በር ማድረግ ፍቅር አይደለም።

ሕመምተኛው ካቶሊካዊ ሲሆን ደግሞ ካህን የሚጠራው ሐኪም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ መምጣታችን ራሱ ያስደነግጣል። ጥፋቱ በደንብ ያላስተማርን የእኛ የካህናቱም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1515፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ እንዲሁም አቅማቸው ለደከመ አረጋውያን፣ ምስጢረ ቀንዲልን መቀበል ተገቢ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ቀጠሮው እንደታወቀ ጥሩን፤ ዓርብ እስኪደርስ አትጠብቁ።

በዚያች ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው ነበር። እናንተ ግን ከሚፈራው ጋር ንቁ።